ከወተቱ በፊት ሚዛኑ፦ የፍየል ወተት ሳሙናን በቤት ውስጥ መሥራት ስለ መጀመር

(ለፋኩልቲው ማኅበረሰብና ለእንግዶች ክፍት ሆኖ በተዘጋጀ ትምህርታዊ ንግግር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ለኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አነስ ያለ ሊመስል ይችላል። የፍየል ወተት ሳሙና በየባዛሩ ይታያል፤ በስልክ የሚተላለፉ አጫጭር ምስሎችም አሠራሩን በሁለት ሦስት ደቂቃ ያሳያሉ። ተመልካቹ ልብ የሚለው ወተቱን፣ ዘይቱንና በመጨረሻ የሚወጣውን ያማረ ሳሙና ነው። በመካከል የሚገባው ነጭ ቅንጣት፣ ማለትም ኮስቲክ ሶዳ፣ «መጠነኛ ሶዳ ይጨመራል» ተብሎ ይታለፋል። እኔ የምናገረው በአብዛኛው ስለዚያ ስለታለፈው ነገር ነው። ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ የሚገዛው ወተት ሳይሆን ሚዛን እንዲሆን ላሳምነው እፈልጋለሁ።

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራ። በአገራችን አረፋ የሚያወጣውንና እድፍ የሚያስለቅቀውን ሁሉ ከሳሙና ጋር መደመር ይቀናናል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ግን በኬሚስትሪ ቋንቋ ሳሙና አይደለም። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባሉ ውሁዶች በተፈጥሮው ስላሉበት ነው፤ የሰው ድርሻ ፍሬውን አድርቆ መውቀጥና በውሃ መበጥበጥ ብቻ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ጉዳይ፣ ከዚያም የብልሃርዝያን አስተላላፊ ለመቆጣጠር የተደረገው ረጅም ምርምር፣ መነሻው ይኸው የእንዶድ ጠባይ ነበር። የዚያ ታሪክ ነገር ለራሱ ሌላ ንግግር ይገባዋል፤ እዚህ ያነሣሁት ለልዩነቱ ነው። እንዶድ ይለቀማል፤ ሳሙና ግን በኬሚካዊ ለውጥ ይፈጠራል። ከለውጡ በፊት የነበሩት ነገሮች ከለውጡ በኋላ አይገኙም፤ ወይም እንዳይገኙ ማድረግ የሠሪው ኃላፊነት ነው።

ለውጡ እንዲህ ነው። አንድ የስብ ሞለኪዩል ሦስት የስብ አሲዶች በአንድ ግሊሰሮል ላይ ተያይዘው የሚገኙበት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዥን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1823 ባሳተመው ሥራ ስብ ከስብ አሲዶችና ከግሊሰሮል የተገነባ መሆኑን ገልጦታል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲገባ ማያያዣዎቹ ይፈታሉ፤ ሦስቱ አሲዶች ከሶዲየም ጋር ተዋሕደው ሳሙና ይሆናሉ፤ ግሊሰሮሉ፣ ማለትም ግሊሰሪኑ፣ ነፃ ይወጣል። በሶዲየም ፈንታ ከአመድ ውሃ የሚገኘው ፖታሲየም ቢሆን ሳሙናው ለስላሳና እንደ ለጥፍ ያለ ይሆን ነበር። በአመድ የሚሠራ የጥንት ሳሙና በየአገሩ ለስላሳ የሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለአንድ የስብ ሞለኪዩል ሦስት የሶዳ ሞለኪዩል ያስፈልጋል። ይህ ምጣኔ ለድርድር አይቀርብም። ሶዳው ቢያንስ ያልተለወጠ ስብ ይተርፋል፤ ሳሙናው ጥቂት ይለሰልሳል፣ ቢበዛ ቶሎ ይበላሻል። ሶዳው ቢበዛ ግን የሚተርፈው ራሱ ሶዳው ነው። ሶዳ ደግሞ የዘይትና የቆዳ ስብ ልዩነት አያውቅም።

እዚህ ላይ ከጓዳ የምናመጣው ልማድ ያሰናክለናል። ጥሩ ባለሙያ ወጥ ስትሠራ ጨውን በሚዛን አትለካም፤ እጇ ያውቀዋል። ይህ የእጅ ዕውቀት ከፍ ያለ ዕውቀት ነው፤ እኔ ላቃልለው አልሻም። ነገር ግን የሚሠራው ስሕተት ስለሚቀመስና ስለሚታረም ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ምላስ ላይ ይታወቃል፤ ውሃ ወይም ድንች ይጨመርበታል። ሶዳ የበዛበት ሳሙና ግን አይቀመስም፤ ሲያዩትም እንደ ደኅናው ነጭና ጠንካራ፣ አንዳንዴም ከደኅናው ይልቅ የጠነከረ ነው። በሲኒ ወይም በጭልፋ መስፈርም አያድንም። ሶዳ በቅርፊት መልክ ወይም በድቡልቡል ጠጠር መልክ ይሸጣል፤ በአንድ ሲኒ የሚገባው የሁለቱ ክብደት የተለያየ ነው። ስለዚህ ዘይቱም፣ ወተቱም፣ ሶዳውም በግራም ይመዘናል፤ 1 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን ለመጀመሪያው ሥራ ይበቃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። እያንዳንዱ ስብ ወደ ሳሙና ለመለወጥ የሚፈልገው የሶዳ መጠን የራሱ ነው። ለ1 ግራም ስብ የሚያስፈልገውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በግራም ስናስቀምጥ፣ ለከብት ሞራ ወደ 0.140፣ ለወይራ ዘይት ወደ 0.134፣ ለኮኮናት ዘይት ወደ 0.183 ነው። የኮኮናት ቁጥር ከፍ ያለው የስብ አሲዶቹ ሰንሰለት አጭር በመሆኑ ነው፤ በእኩል ክብደት ውስጥ ብዙ ሞለኪዩል አለና ብዙ ሶዳ ይጠይቃል።

ለጀማሪ የሚመች አንድ ድብልቅ እንውሰድ። 400 ግራም ቀልጦ የተጣራ የከብት ሞራ፣ 350 ግራም የወይራ ዘይት፣ 250 ግራም የኮኮናት ዘይት፤ ድምሩ 1000 ግራም። ሞራው 56 ግራም፣ ወይራው 46.9 ግራም፣ ኮኮናቱ 45.75 ግራም ሶዳ ይፈልጋሉ፤ በድምሩ 148.65 ግራም። ይህን ሙሉውን አንጨምርም። ሆን ብለን 5 በመቶ እንቀንስና 141 ግራም እናደርገዋለን። የተቀነሰው 7 ግራም ከፍ ያለ ሶዳ የደኅንነት ዳርቻችን ነው፤ በሚዛን ለሚፈጠር ጥቂት ልዩነት መጠባበቂያ ሲሆን፣ ሳይለወጥ የሚቀረው ስብም ሳሙናውን ለቆዳ የዋህ ያደርገዋል። ወተቱ 300 ግራም ይሁን።

የዚህን ዳርቻ ጥበት የሚያሳይ አንድ ስሌት ላቅርብ። የኮኮናት ዘይት ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም። ጀማሪዋ «ዘይት ዘይት ነው» ብላ በ250 ግራሙ ኮኮናት ፈንታ 250 ግራም የኑግ ዘይት ብታስገባ፣ ሶዳውን ግን እንደ ተጻፈው 141 ግራም ብትተወው ምን ይሆናል? የኑግ ቁጥር ወደ 0.135 የተጠጋ ነው፤ ስለዚህ የሚፈልገው ሶዳ ከ45.75 ወደ 33.75 ግራም ይወርዳል። አዲሱ ድብልቅ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ እንኳ የሚፈልገው 136.65 ግራም ብቻ ነው። የጨመረችው ግን 141 ነው። ዳርቻው ሁሉ ተበልቶ፣ ከዚያም አልፎ ከ4 ግራም በላይ ሶዳ ሥራ ፈትቶ ይቀራል። ወተቱ ውስጥ ያለው ስብ ጥቂቱን ቢይዝም ሁሉንም አይዝም። ልብ በሉ፦ ሴትዮዋ ሚዛን ተጠቅማለች፤ የተጻፈውንም ሁሉ በጥንቃቄ መዝናለች። የጎደላት የጻፈችው ዝርዝር ስሌት መሆኑን የሚነግራት ሰው ነው። የዘይቱ ዓይነት ወይም መጠን በተለወጠ ቁጥር የሶዳው መጠን እንደገና ይሰላል።

ኑግን ካነሣን ዘንድ፣ ከስብ አሲዶቹ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ለስላሳ ሳሙና ይሰጣል፤ ቶሎም ይሻግታል። በድብልቅ ውስጥ ከ10 ወይም ከ15 በመቶ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሞራ ግን፣ በልኳንዳ ቤቶቻችን ደጃፍ የሚናቀው ሞራ፣ ለጠንካራና ለክሬማም አረፋ ከምናገኛቸው ስቦች ሁሉ የተሻለው ነው። ሽታውን የሚፈሩ ሰዎች በጨው ውሃ ሁለት ጊዜ ቀቅለው ቢያጣሩት ፍርሃታቸው ይቀላል።

ወደ ዕቃ ልለፍ። በአብዛኛው ቤታችን ያለው ቀላል ድስት አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳና አሉሚኒየም ከተገናኙ ብረቱ ይበላል፤ ሃይድሮጂን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል። ከሰል ወይም ምድጃ በሚነድበት ጓዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማይዝግ ብረት፣ ወይም ከሥሩ 5 ቁጥር ያለበት ፕላስቲክ ይሁን። ብርጭቆ በሙቀት ለውጥና በሶዳ እየሳሳ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አይመከርም። ዓይንን ግራና ቀኝ የሚሸፍን መነጽር፣ የላስቲክ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ የተከፈተ መስኮት፤ እነዚህ ለቤተ ሙከራ ሥርዓት ተብለው የሚደረጉ አይደሉም። ሶዳ ዓይን ውስጥ ሲገባ ከአሲድ ይልቅ ጠልቆ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ማስቀመጫው ነው። በየቤታችን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ ሁላችን «ሃይላንድ» የምንለው፣ አይጣልም፤ ዘይት ይቀመጥበታል፣ ናፍጣ ይቀመጥበታል፣ በረኪና ይቀመጥበታል። በውሃ የተበጠበጠ ሶዳ ሲቀዘቅዝ ከውሃ አይለይም። በወተት የተበጠበጠው ደግሞ እርጎ ይመስላል። ሕፃን ልጅ ከጠረጴዛ ላይ የሚያነሣው የሚያውቀውን ዕቃና የሚያውቀውን መልክ ነው። አንዲት ጉንጭ የምግብ ቧንቧን ታቃጥላለች፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ያጠብበዋል፤ ልጁ ለዓመታት ምግብ መዋጥ የሚቸግረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተበጠበጠ ሶዳ ለነገ አይቀመጥም፤ በዕለቱ ይሠራበታል። ደረቁ ሶዳ በራሱ ዕቃ፣ ተጽፎበት፣ ተቆልፎበት ይቀመጥ። ሥራው ልጆች ቤት በሌሉበት ሰዓት ይሁን።

አደጋ ቢደርስስ? ቆዳ ላይ ቢፈስ ልብሱ ወዲያው ይወልቃል፤ ቦታው በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይታጠባል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኮምጣጤ አይቀባም። «አሲድ አልካሊን ያከሽፋል» የሚለውን ከክፍል የተማራችሁ ተማሪዎች በቁስል ላይ እንዳትሞክሩት፤ ማክሸፉ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ውሃውንም ያዘገየዋል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ዳግመኛ ያቃጥላልና። አፉን በውሃ አጉመጥምጦ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

አሁን ወተቱ ዘንድ ደረስን።

ሶዳ በፈሳሽ ሲሟሟ ሙቀት ይለቃል፤ እኛ በያዝነው መጠን ለብ ያለ ውሃን ከ80 ዲግሪ በላይ ሊያደርስ ይችላል። ውሃ ቢሆን ግድ የለም፤ ጠብቀን እናቀዘቅዘዋለን። በወተት ውስጥ ግን ላክቶስ የተባለ ስኳርና ፕሮቲን አለ። ስኳሩ በአልካሊና በሙቀት ይጠቁራል፤ ከፕሮቲኑም የአሞኒያ ሽታ ይነሣል። ትኩስ ወተት ላይ ሶዳ ያፈሰሰ ሰው የሚያገኘው የጠላ አተላ የመሰለ ቡናማና የሚከረፋ ፈሳሽ ነው። ሳሙናነቱን አያጣም፤ የሚያስደስት ግን አይደለም።

መፍትሔው በረዶ ነው። ወተቱ በመጀመሪያ ይፈላል፤ ያልፈላ የፍየል ወተት ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላልና በምንነካካበትም ጊዜ ጥንቃቄ ይገባል። ከዚያ ቀዝቅዞ፣ ተመዝኖ፣ በበረዶ መሥሪያ ሰሌዳ ፍሪዘር ውስጥ ያድራል። 1 ግራም በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 334 ጁል ይፈልጋል፤ በስሌት ቢታይ የ300 ግራም ወተት በረዶ ሶዳው ከሚለቀው ሙቀት ግማሽ ያህሉን በመቅለጥ ብቻ ይውጠዋል። ሶዳው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ እያማሰሉ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ወስዶ ይጨመራል። ዕቃው በበረዶ ውሃ ሳፋ ውስጥ ቢቆም ይበልጥ ይረዳል። ዘወትር ሶዳው ወደ ወተቱ ይጨመራል እንጂ ወተቱ በሶዳው ላይ አይፈስም። ቀለሙ ከነጭ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ቢሄድ አያስደነግጥ። ጥቂት ቢወፍር፣ የወተቱ ስብ ሳሙና መሆን ጀምሯል ማለት ነው፤ በማጥለያ አሳልፎ ያልሟሟ ጠጠር አለመቅረቱን ማረጋገጥ ነው።

ፍሪዘር የሌለው፣ ወይም መብራት የሚጠፋበት ሰው ሌላ መንገድ አለው፤ ለጀማሪ እንዲያውም እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ፈሳሹ ለሁለት ይከፈላል፦ 141 ግራሙ ሶዳ በ150 ግራም ውሃ ይሟሟና ይቀዘቅዛል፤ ቀሪው 150 ግራም ቀዝቃዛ ወተት ሆኖ በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይገባል። ወተቱ የሚያገኘው አስቀድሞ ሙቀቱ የወጣለትን ሶዳ ነው። የወተቱ መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ሳሙናው ግን የከፋ አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን በኋላ እመለስበታለሁ።

ሞራውና ኮኮናቱ ቀልጠው ከወይራው ጋር ይቀላቀላሉ፤ ወደ 40 ዲግሪ ሲደርሱ ሶዳው ይገባል። በእጅ ብሌንደር ጥቂት ሰኮንድ እየፈጩ፣ ጥቂት እያማሰሉ ነው። የሚጠበቀው ምልክት ከማንኪያው የሚንጠባጠበው በላዩ መስመር ትቶ ጥቂት መቆየቱ ነው። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ዘይቱ ከቀዘቀዘ ሞራው ይረጋና ድብልቁ የወፈረ ይመስላል፤ ለውጡ ግን ገና አልተጀመረም። እንዲህ ያለው ወደ ቅርጽ ማውጫ ቢገለበጥ በማግስቱ ዘይቱ ወደ ላይ፣ ሶዳው ወደ ታች ተለይተው ይገኛሉ። ቴርሞሜትር ይህን ይከላከላል።

የወተት ሳሙና በቅርጽ ማውጫው ውስጥ አይሸፈንም። በውሃ የተሠራውን ሳሙና በፎጣ ጠቅልሎ ማሳደር የተለመደ ነው፤ በወተቱ ስኳር ምክንያት ግን ይህኛው ራሱን ያሞቃል፣ መካከሉ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። በቀዝቃዛ ስፍራ፣ ቢቻል በማቀዝቀዣ፣ አንድ ቀን ይደር። በሁለተኛው ቀን በጓንት ይቆረጣል፤ ከ1400 ግራም ከሚበልጠው ድብልቅ ወደ 14 የሚሆን ሳሙና ይወጣል። ከዚያ አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። አብዛኛው ኬሚካዊ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልቃል፤ ሳምንታቱ ውሃው እንዲተን፣ ሳሙናውም እንዲጠነክር ነው። የበዛ ሶዳ ያለበትን ሳሙና ሳምንታቱ ያድኑታል ብሎ መተማመን ስሕተት ነው። በምላስ ጫፍ ነክቶ መፈተን የሚባል የቆየ ልማድም አለ፤ አልመክረውም። ነፃ አልካሊን በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሳሙናውን በገለልተኛ ኤታኖል አሟሙቶ በፌኖልፍታሊን ቲትሬት ያደርጋል። ተማሪዎቻችን ለአካባቢ ሳሙና ሠሪዎች ሊሰጡት ከሚችሉት አገልግሎት ይህን የሚያህል ርካሽና ጠቃሚ አላውቅም።

እንግዲህ የፍየሏ ወተት ምን ጨመረ? በየማሸጊያው የሚጻፈውን ሰምታችኋል፦ «ከቆዳ ፒኤች ጋር እኩል ነው»፣ «ቫይታሚን ይመግባል»፣ «ችፌን ይፈውሳል»። የፍየል ወተት ፒኤች 6.6 አካባቢ ነው፤ ከሶዳ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና በሆነ ጊዜ ግን 9 ወይም 10 ይሆናል። የቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው። እውነተኛ ሳሙና ሁሉ አልካሊ ነው፤ ወተቱ ይህን አይለውጠውም። በወተቱ ያሉት ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ አሲዶች ስማቸውን እንኳ ከፍየል፣ ከላቲኑ «ካፕራ»፣ ያገኙ ናቸው፤ ነገር ግን 300 ግራም ወተት የሚያመጣው ስብ ወደ 12 ግራም ነው፣ ከ1000 ግራሙ ዘይት ጋር ሲተያይ 1 በመቶ ገደማ። በግማሽ ወተት የተሠራው ሳሙና የማይከፋውም ለዚህ ነው። ስኳሩ አረፋውን ያበዛል፤ ፕሮቲኑ አረፋውን ያለዝበዋል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ እጅም ይመሰክራል። ለቆዳ የሚሰማው የዋህነት ግን ከሁሉ በላይ የሚመጣው ከተቀነሰው 5 በመቶ ሶዳና በሳሙናው ውስጥ ከሚቀረው ግሊሰሪን ነው። በእኛ ድብልቅ 141 ግራም ሶዳ ከ100 ግራም በላይ ግሊሰሪን ነፃ ያወጣል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ለይተው ለሌላ ጥቅም ይሸጡታል፤ በቤት ሳሙና ውስጥ ግን ይቀራል።

ይህን የምለው ሳሙናውን ለማጣጣል አይደለም። ለሽያጭ የሚሠራ ሰው ለሕመም መፍትሔ ነው ብሎ ከጻፈ፣ ችፌ ያለባት ሕፃን እናት ሐኪም ቤት መሄዷን ትታ ሳሙናውን ልትገዛ ትችላለች። የመዋቢያ ዕቃዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ፈውስ ሲጻፍባቸው ደግሞ ጉዳዩ የመዋቢያነቱን ወሰን ያልፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በደጋው ክፍል ፍየል በአብዛኛው ለሥጋና ለገበያ የምትረባ ናት፤ ወተቷ ብዙም አይፈለግም። በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና አርብቶ አደሮች ዘንድ ግን የፍየል ወተት ከሁሉ አስቀድሞ የሕፃናት ምግብ ነው፤ ላሞች በድርቅ ሲነጥፉ ፍየሏ ትታለባለች። ለአርብቶ አደር ሴቶች የሳሙና ሥልጠና ለማቀድ የምታስቡ የልማት ጥናት ተማሪዎች በመካከላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከላይ ያየነው ስሌት ለእናንተም ይጠቅማል፦ አንድ ሊትር ወተት በሁለተኛው መንገድ ከስድስት ዙር በላይ፣ ወደ 90 የሚጠጋ ሳሙና ያሠራል። ወተቱን ከልጅ አፍ የሚወስድ ዕቅድ አያስፈልግም፤ በበጋው ወራት ሳሙናውን በውሃ መሥራትም ይቻላል፣ ስሙ ቢለወጥ እንጂ ጽዳቱ አይጎድልም።

በፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ናሙናዎች አሉ። ሦስቱም ዛሬ በጠቀስሁት ድብልቅ የተሠሩና ስድስት ሳምንት የቆዩ ናቸው፤ አንዱ ባልቀዘቀዘ ወተት፣ አንዱ በበረዶ ወተት፣ አንዱ በተከፈለው ፈሳሽ። የቲትሬሽን ውጤታቸው ከየናሙናው ሥር ተገልብጦ ተቀምጧል። ወረቀቱን ከመግለጣችሁ በፊት የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይናችሁ፣ በአፍንጫችሁና በእጃችሁ ገምቱ፤ ውሃና ፎጣ በበሩ በኩል ተዘጋጅቷል። ጥያቄዎቻችሁን እዚያው ጠረጴዛው ዘንድ እቀበላለሁ።